የኔንም ጥሪልኝ

መኳንንት መሞቱን የሰማሁት እዚህ ጎንደር፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ነው። ከኋላዬ ያለችው ሴት ለጓደኛዋ "ያ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ትልቁ ሰውዬ ዐረፈ አሉ" ስትል፣ ዞር ብዬ የትኛው ብዬ ጠየቅኋት። ስሙን ከነአባቱ ነገረችኝ። "ነፍስ ይማር" አልሁና ወደ ተራዬ ተመለስሁ። እህሌን አስፈጭቼ፣ ዱቄቱን ለተሸካሚ ሰጥቼ፣ ከኋላው እያዘገምሁ ቤቴ ገባሁ። ደስ አላለኝም፣ አላዘንሁምም። ክንድ ላይ ተኝተው ሲነሱ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል የለ፣ እንደዚያ ነበርሁ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አበባ እህቷን ላከችብኝ። ልጅቱ ደጃፌ ላይ ቆማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣

"እትዬ ውድነሽ፣ ነገ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሙሾ እንዲያወርዱላት አበባ ትለምንዎታለች። ገዳሪፍ ሳላችሁ ድምፅዎን ታስታውሳለች" አለችኝ።

"ሙሾ ከተውሁ ስንት ዘመን ሆነኝ፣ ልጄ።"

"ለአንድ ቀን ብቻ ብላለች። እሱም ሲያነሳዎት ነበር አሉ።"

"ምን ብሎ?"

"እንደሷ ያለ አልቃሽ አልሰማሁም እያለ ነዋ።"

እመጣለሁ አልኋት። መምጣቱ ቀላል ነው። አፌን እከፍት እንደሁ ግን አላወቅሁም፤ ለምን እንደሆነ ለመናገር ደግሞ ድንበር ተሻግሬ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ድረስ መመለስ አለብኝ።

ሙሾ ማውረድን ከአክስቴ ነው የተማርሁት። የአሁን ልጆች አልቃሽ ሲባል ዝም ብላ የምትጮህ ሴት ትመስላቸዋለች። ሥራ ነው እንጂ። ለቅሶ ቤት እንደ ደረስሽ የቅርብ ዘመድ ፈልገሽ፣ ጥግ ይዘሽ ትጠይቂያለሽ፤ የእናቱ ስም ማነው፣ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። ግጥሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላም ወግ አለ። ድንኳኑ ሲሞቅ፣ የራሷ ሙት ያለባት ሴት ጠጋ ብላ ቀሚስሽን ትይዝና "የኔንም ጥሪልኝ" ትልሻለች፤ ስሙን በጆሮሽ ትነግርሻለች። ያ ሙት ትናንት የሞተ ይሁን ድሮ፣ የአገር ሰው ይሁን ባዳ፣ ትጠሪላታለሽ፤ ሕዝቡም ከባለ ድንኳኑ ሙት እኩል ያለቅስለታል። ባለ ድንኳኑ አይቀየምም፤ ለሙቴ አጃቢ መጣለት ነው የሚለው። አክስቴ "ቀሚስሽን የያዘችውን ሴት አትመልሺ፣ ማን እንደ ገደለውም አትጠይቂ" ትለኝ ነበር። ግጥሙን ሰምቼ ነው የያዝሁት፤ አጥብቃ ያስተማረችኝ ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ከታደለ ጋር ድንበሩን በገላባት የተሻገርነው ወጣት መሆን በራሱ ወንጀል በሆነበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ እኔን ሁሉም አንድ ረጅም በጋ ነው የሚመስለኝ። ከሰሊጥ ቆራጮች ጋር ተቀላቅለን ነው ያለፍነው፤ እኔ ነጠላዬን እንደ ቆራጭ ሚስት ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ እሱ ያቺን የሚወዳትን ሱሪ መተማ ላይ በቁምጣ ለውጦ። ቡናማ ቴትሮን ናት፣ እግሯ ታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ። የለወጠው ሰውዬ ለብሷት ማሽላ ሲኮተኩት እያሰበ እስከ ገዳሪፍ ድረስ አዘነ። ሎሪ ላይ፣ በጆንያ አናት ተጭነን ከተማዋ ስንደርስ፣ መጀመሪያ ያየነው እነዚያን ሰማይ የነኩ የእህል ጎተራዎች ነበር። ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ ያያል፤ ታደለ "ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?" ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩ ሳቀ። ታደለ ግን የጠየቀው የምሩን ነበር፤ መልስ እስኪያገኝም በየመንደሩ ይጠይቅ ነበር።

ገዳሪፍን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሁሉ አውልቆ በእጁ ይዞ ነው የሚሄድ። በበጋ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ቀኑ ይጨልምና፣ ሰው ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ውኃ ቀድቶ ሻሽ እያራሰ ፊቱን ይሸፍናል። ሻይ በሁለት ቅርሽ፣ በነሱ ሳንቲም፣ ነበር። ፉል ከነዘይቱ በሽልን፣ በአምስት ቅርሽ ማለት ነው። ዐሥሯን ቅርሽ ሪያል ይሏታል፤ ሪያል ይዛ ሱቅ የወጣች ሴት ባሚያዋን፣ ሽንኩርቷን፣ ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ ይዛ ትመለስ ነበር፣ ዛሬ ይህን ብናገር የልጅ ልጆቼ ያሾፉብኛል። የሱዳን ሴቶች ቶብ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ ተከናንበው ሲያልፉ ቀለሙ ዓይን ይይዛል፤ እኔም አንድ ጊዜ የሎሚ ቀለም ያለውን ገዝቼ መከናነቡን ሳላውቅበት ቀርቼ መጋረጃ አድርጌዋለሁ። በየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ቫዮሊኑና አኮርዲዮኑ አብሮ ይጓተታል፤ እኛ ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው የሚመስል የአማርኛ ዘፈን ነበረን። የኛ ሰፈር ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ነበር። ጎንደሬው፣ ትግርኛ ተናጋሪው፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፤ እድሩም አንድ ነበር። አንዱ ሲሞት የሁሉም ሴት ይወጣል፣ ሙሾውን እኔ አወርዳለሁ። ቀን ቀን የሐጅ ዑስማን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥር ነበር።

ድርጅቶቹ መጥተው ነው ያበላሹን ማለት ይቀናኛል። እውነቱን ለመናገር ግን በእልልታ ነው የተቀበልናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ነበሩ። የኛው በመኳንንት ግቢ፣ ሌላው ከሁለት መንገድ ወዲያ፣ ከዳቦ ጋጋሪው ጀርባ። ሁለቱም ደርግን ለመጣል ነው የወጣነው ይሉ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን ስለ ደርግ ሳይሆን አንዱ ስለ ሌላው ሲያወራ ነው የምሰማው። መኳንንት ያኔ ቀጭን ወጣት ነበር፣ ጎፈሬው እንደ ቆብ የተቀመጠ፣ ሸሚዙን ያለ መተኮሻ ከፍራሽ ሥር አስተኝቶ የሚያስተካክል። አፍ ነበረው። ዓርብ የሱዳን በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፤ ሰው ሁሉ ግቢው ዳስ ሥር ይሰበሰብና የመንግሥት ፖሊሲ የሚባለው ውይይት ይካሄዳል። አንድ ዓርብ መሬት፣ አንድ ዓርብ ሰፈራ፣ አንድ ዓርብ የእህል ኮታ፣ አንድ ዓርብ ውትድርና። መኳንንት ቆሞ ያብራራል፣ እኛ አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተደርድረን እንሰማለን። ሰው ናፍቆን ስለነበር ስብሰባውን እንወደው ነበር።

ቀስ እያልሁ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ጀመር። አንድ ሥራ ሁለት ስም ነበረው። ደርግ ልጆች ከመንገድ ላይ ለጦር ሲወስድ አፈሳ ነው፤ የኛዎቹ በየበረሃው መንደር ልጆች ሲወስዱ ጥሪ ነው። ደርግ ከገበሬው እህል ሲወስድ ዝርፊያ፣ የኛዎቹ ሲወስዱ መዋጮ። የሱዳን ፖሊስ ከሻ አድርጎ፣ ማለትም ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከሱቅ ለቅሞ ሲያስር፣ ከታሰሩት የኛ ሰው ካለበት ግፍ ነው፣ ኮሚሽነሩ ጋ ሽማግሌ ይላካል። የታሰሩት የወዲያኛው ቤት ሰዎች ከሆኑ ግን መኳንንት "ምን ይደረግ፣ የአገሩ ሕግ ነው" ይላል። ወዲያኛው ቤትም ያው ነው፣ ስሙን ገልብጠው ነው እንጂ። ሰው ይህንን ያየዋል፣ እርስ በርሱም ይስቅበታል። ሲጠየቅ ግን መኳንንት አንድ መልስ ነበረው፤ "ያ ሌላ ነው" ይላል። እጁን እንደ ዝንብ አባራሪ ወዝወዝ ያደርገዋል።

ከዓርቦቹ ሁሉ የማልረሳው ስለ ለቅሶ የተነጋገርንበትን ነው። አገር ቤት ደርግ የገደላቸውን ልጆች እናቶች እንዳያለቅሱ መከልከሉን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ቀበሌ እየተጠራች አውልቂ መባሏን የሚናገሩ ሰዎች መጥተው ነበር። መኳንንት ያን ቀን ድምፁ ተሰባበረ። "ወገኖቼ፣ እናት እንዳታለቅስ የሚከለክል መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት ነው? እንባ ላይ አዋጅ ይወጣል?" አለ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ውድነሽ፣ እስቲ ስለነሱ አንድ በይ" አለኝ። ተነሥቼ፣

እናት አታልቅሺ ቢሏት በገዛ ልጇ፣
እንባዋን ዋጠችው ተጨንቃ በደጇ

አልሁ። ግቢው ተናወጠ። መኳንንት ይህችን ግጥም ወደዳት። ከዚያ ወዲያ በየንግግሩ ሳይጠራት አያልፍም፤ ለውጭ እንግዶችም ያስተረጉማታል። በየዓመቱ የሰማዕታት መታሰቢያ ሲደረግም ቆሜ እሷን እንዳወርድ ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ አወርዳለሁ። ለሙታን ነው፣ ምን ይከፋል።

ታደለ ጥያቄውን የጠየቀው ከዚያ በኋላ በአንዱ ዓርብ ነው። ርእሱ የእህል ኮታ ነበር። ልብስ መለዋወጡ አልወጣለትም፣ ከልብስ ተራ አሮጌ ሰፊ ሱሪ ፈልጎ ገዝቶ ነበር፤ እሷን ለብሶ ተነሣና በለሆሳስ፣

"መኳንንት፣ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ገበሬው ጎተራው ሲራቆት የወሰደው ማን እንደሆነ ልጆቹ አይበሉትም። እኛ ስንወስድበትና ደርግ ሲወስድበት ልዩነቱ ምንድነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ስጠኝ" አለ።

"ያ ሌላ ነው" አለ መኳንንት።

"ሌላ መሆኑንማ ሰማሁ። ምኑ ነው ሌላ?"

ሰው ሳቀ። መኳንንትም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ አልሳቀም። "አንተ ወንበር ላይ ሆነህ ነው የምትጠይቅ፣ በረሃውን ብታየው ይገባህ ነበር" አለው። ታደለ ነገር ውስጡ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጠዋት "እታለም፣ ሄጄ ላየው ነው። ካልሄድሁማ ምላስ ብቻ ነኝ ማለት ነው" አለኝ። አልለመንሁትም ማለት አይደለም። ሱሪዋን አውልቆ አጣጥፎ አንገሬቡ ሥር አስቀመጣት፤ "እንዳትሸጫት፣ ፋሽኑ ሳያልፍባት እመጣለሁ" አለና ሄደ።

ዜናውን ያመጣልኝ አያ ቢምረው ነው። አያ ቢምረው በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ከወገራ ወርዶ ድንበር ለድንበር የሚቆርጥ ሽማግሌ ነበር፤ ሥራ ሲያልቅ ገዳሪፍ መጥቶ ጨውና ጨርቅ ሳይገዛ አይመለስም። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዟታል። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ።

"እታለም፣ መርዶ በዚህ ዓይነት አይነገርም፣ መነገር የነበረበት ጠዋት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር" አለኝ። "ግን ሌላ ሰው አይነግርሽም። ታደለ ሞቷል።"

"ጦርነት ላይ ነው?"

"የለም። የራሱ ሰዎች ናቸው። እኛ የምንቆርጥበት እርሻ አጠገብ ነበር የሰፈሩ። ከገበሬው እህል ሲሰበስቡ በሰው ፊት አንድ ነገር ጠየቃቸው። ሰላይ ነህ አሉት። በማግስቱ ቆፍሩ ብለው ጠሩን። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ፣ ድንጋይም አድርጌበታለሁ፣ ጅብ አይነካውም።"

ጮኼ መውደቅ ነበረብኝ። ለስንቱ ሙሾ ሳወርድ የኖርሁት ሴት፣ ለገዛ ወንድሜ ድምፄ እምቢ አለ። ሰሊጡ በእጄ ላይ ነበር፤ ወንፊቱን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ትዝ የሚለኝ አያ ቢምረው የጫማው ማሰሪያ ገመድ መሆኑን ማየቴ ነው።

መኳንንት ጋ በነጋታው ሄድሁ። አንገሬቡ ላይ ተቀምጦ የመታሰቢያውን ቀን ንግግር ለራሱ ያጉተመትም ነበር፤ በዓሉ ደርሶ ነበርና። ሲያየኝ መስማቴን አወቀ፣ ተነሣ። መዋሸት አልሞከረም፤ ይህን አልነፍገውም።

"ውድነሽ፣ እኔም እወደው ነበር" አለ።

"ድንኳን ልጥልለት ነው። እድሩን ልጠራ ነው፤ የመጣሁት እንድታውቀው ነው።"

"አሁን አይሆንም። ጉዳዩ እየተጣራ ነው። በሱ ስም ለቅሶ ከተቀመጥሽ ወዲያኛው ቤት ያሉት መነጋገሪያ ያደርጉታል፣ የታጋዩም ሞራል ይነካል። ጥቁርም እንዳትለብሺ።"

"ጥቁርም?"

"ለጊዜው ነው። ከድል በኋላ የሁሉም ስም ይጠራል።"

"እሺ፣ ድንኳኑ ይቅር። መታሰቢያው ላይ ሙሾ ሳወርድ ከሌሎቹ መካከል አንድ ጊዜ ስሙን ልጥራው። እህት ነኝ። የራሴን ቀሚስ ይዤ ነው የምጠይቅህ።"

"አልችልም።"

ያን ጊዜ ግጥሟን እዚያው፣ ሳላዜም፣ እንደ ተራ ወሬ አልሁለት። እናት አታልቅሺ ቢሏት በገዛ ልጇ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ያ ሌላ ነው" አለ። እጁን ግን አላወዛወዘም፤ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

እንግዲያስ እኔም ማንንም አልጠራም ብዬ ወጣሁ። መታሰቢያው ቀርቶ አያውቅ፣ ፋው ከሚሉት የስደተኛ ሰፈር አንዲት ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ አስመጡ። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀምጬ ነበር። ካሜራ የያዙ ፈረንጆች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ልጅቱ ተነሥታ የኔኑ ግጥም አወረደችው፤ ዜማውን ትንሽ ለውጣዋለች፣ አላበላሸችውም። አስተርጓሚው በጆሯቸው ሲነግራቸው አንዷ ፈረንጅ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ያዘንሁት ለሷ ነበር ብል ማን ያምነኛል። ለራሴ የሚሆን አልነበረኝም። የልጅቱን ድምፅ፣ የመኳንንትን የውሸት ያልሆነ እንባ፣ ሁሉንም እንደ ሩቅ አገር ነገር ነበር የማየው።

የድርጅቱ ሰዎች እድሩን ማንም ወደኔ እንዳይሄድ ብለውት ነበር። ሴቶቹ ለቅሶ አልደረሱኝም። ግን አንድ በአንድ መጋዘን መምጣት ጀመሩ። ሥራ ያላቸውም የሌላቸውም ወንፊት ይዘው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ሰሊጥ ሲበጠር ገለባው ዓይን ያቃጥላል፤ ሁልጊዜም የሚያበጥር ሰው ዓይኑ ቀይ ነው። እነሱም ወንፊቱን እያወዘወዙ እንባቸው ይወርዳል። የድርጅቱ ሰው ሲያልፍና ምን ሆናችሁ ሲል "አቧራ ነው" ይላሉ። የወዲያኛው ቤት ሴቶችም መጡ፤ ከነሱ መካከል አንዷ የልጇን ሞት የራሷ ድርጅት ያስደበቃት ነበረች። ስሙን ሳትነግረኝ ቀሚሴን ብቻ ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ስንት ቀን እንደዚያ እንደ ተቀመጥን አላውቅም። ሁሉም አለቀሱልኝ። እኔ ብቻ ዓይኔ ደረቅ ነበር፣ ገለባውም አላቃጠለኝም።

ሐጅ ዑስማን ይህን ሁሉ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነው፣ የፈሰሰ ሰሊጥ ፍሬ በፍሬ ያስለቅማል። አንድ ቀን ጀላቢያውን ሰብስቦ መጣና ፊቴ ቆመ።

"ያ ቢቲ፣ ማን ሞተብሽ?" አለኝ በዐረብኛው፣ ልጄ ማለቱ ነው።

"ማንም" አልሁት።

"ሴቶቹ አቧራ ነው ይላሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ነግጃለሁ፣ አቧራ አውቃለሁ።"

"ወንድሜ ነው" አልሁ።

ሐጅ ዑስማን ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ። የሱዳን ሰው ለቅሶ ሲደርስ እንዲህ ነው፣ ቆሞ መዳፉን ከፍቶ ፋቲሐ ይቀራል። ክርስቲያን መሆናችንን ያውቃል። ሐማሎቹ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ጆንያቸውን አውርደው፣ ከኋላው ቆመው እነሱም መዳፋቸውን ከፈቱ። ሲጨርስ ፊቱን አበሰና "አልበረካ ፊኩም" አለኝ፤ በረከቱ ለቀራችሁት ይሁን ማለት ነው። ለታደለ በሰው ፊት ያዘነልኝ እሱ ብቻ ነው። ከሄደ በኋላ አንድ ጆንያ በደንብ አልተበጠረም ብሎ መልሶ አፈሰሰብኝ።

ደርግ ወደቀ። ሎሪው ላይ ወጥተን በዚያው በገላባት ተመለስን። መኳንንትም መጣ፤ የዚያን ጊዜ ሱሪው በመተኮሻ ነበር የሚተኮሰው። ስሙን ከድል በኋላ እንጠራዋለን ያለውን ልጠይቀው አንድ ጊዜ ቢሮው ሄጄ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሻለሁ። ድጋሚ አልሄድሁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ይለኛል። እኔም ደኅና እላለሁ። የታደለ ሱሪ ፋሽኗ አለፈ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ መልሶ አለፈ፤ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ናት። ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ፣ ንፍሮ እቀምሳለሁ። አላለቅስም። ጎረቤቶቼ ጨካኝ ናት ይሉኛል መሰለኝ። ልክ ነው ብዬ አልከራከርም።

እንግዲህ በነጋታው ወደ መኳንንት ድንኳን ሄድሁ። ትልቅ ድንኳን ነው፣ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ መኪናው እስከ አስፋልቱ ተደርድሯል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዛሬውን ፖለቲካ ይከራከራሉ። አንድ ጎልማሳ "የእናንተዎቹ ሰው ሲያስሩ ምነው ዝም አላችሁ?" ሲል፣ ጎኑ የተቀመጠው ወጣት እጁን እንደ ዝንብ አባራሪ ወዝወዝ አድርጎ "ያ ሌላ ነው" አለው። ቃል በቃል። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ መኳንንትን በሕይወት ያየውም አይመስለኝ። ቆሜ ትንሽ አየሁትና ወደ ሴቶቹ ገባሁ።

አበባ ከል ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጄን ይዛ ሳመችው። እንደ ወጉ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት፤

"ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ?"

"ትዝታውን ሊጽፍ ጀምሮ ነበር። ልጅነቱን ጻፈ፣ ትምህርት ቤቱን ጻፈ። ገዳሪፍ ላይ ሲደርስ ተወው። ምነው ስለው ከዚህ ወዲያ አልሄድ አለኝ ይል ነበር።"

ሌላ አልጠየቅኋትም። ተነሣሁ። ድምፄ ይወጣል ብዬ አላሰብሁም፤ ወጣ፣ አርጅቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ግን ወጣ።

ተናግሮ የማይደክም፣ ሰብስቦ የማይፈታ፣
ምነው ዛሬስ ዝም አልህ በገዛ ቤትህ ቦታ

ሴቱ ወዬ ወዬ ብሎ ተቀበለኝ። ሁለት ሦስት ግጥም አወረድሁለት። የሚገባውን ሰጠሁት፣ አንዲት ቃል አልሰሰትሁም። ድንኳኑ ሞቀ። አንዲት ሴት ቀሚሴን ያዘችና "እትዬ፣ የኔንም ይጥሩልኝ" ብላ የልጇን ስም ነገረችኝ፤ ጠራሁላት። ሌላዋ የባሏን ነገረችኝ፤ ጠራሁላት። ደረት ይመታል፣ ነጠላ ይወድቃል። ከዚያ የሚመጣ ሰው ጠፋ። የታደለን ስም በጆሮዬ የሚነግረኝ ማን አለ? እናታችን የለች፣ አያ ቢምረው የለ፣ የመጋዘኑ ሴቶች የት እንዳሉ አላውቅ። የገዛ ቀሚሴን በገዛ እጄ ያዝሁና፣

አንድ ነገር ቢጠይቅ መልሱን ሳይነግሩት፣
ታደለ ወንድሜን በረሃ ቀበሩት

አልሁ። ከወንዶቹ ወገን ሁለት ሽበታም ራሶች ቀና አሉ፤ የገዳሪፍ ሰዎች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ሊነሣ ወንበሩን ያዘ። ያን ጊዜ ግን ሕዝቡ ተቀብሎት ነበር። ወዬ ታደለ፣ ወዬ ታደለ ይላል ድንኳኑ በሙሉ፤ አበባ ደረቷን እየመታች ወዬ ታደለ ትላለች፤ ልጆቿም ይላሉ። ማን እንደሆነ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ሽበታሙ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ነበር። አሁን ይመጣል ብዬ እንባዬን ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ውኃ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ከድንኳኑ ውጭ፣ በርሜሉ አጠገብ፣ አንዲት ወጣት ሴት በጣሳ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ስታለቅስ ከቆዩት አንዷ ናት።

"እትዬ፣ ያ ታደለ ያሉት ወንድምዎ ነው?"

"አዎ፣ ወንድሜ ነው።"

"ሰሞኑን ነው ያረፈው?"

"የለም፣ ቆይቷል" አልኋት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎንበስ አለችና "እግዜር ያጽናዎት" አለችኝ። ይህችን ቃል ለስንት ሰው እንዳልሁ አልቆጥረውም። በሱ ስም፣ በአማርኛ፣ ለኔ ሲሉኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ መልሷ ጠፋኝ። ጣሳውን ይዤ ቆምሁ። ልጅቱም አልሄደችም፣ መልሱን እስካገኘው ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።